ስም ከማዞር በፊት፦ ቻውን፣ ቻግሩፕ ወይስ ቁልፍ ብቻ?

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት። ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ እኔ "ይቺን ብቻ ልጨርስና" ብዬ ቀረሁ። የአንድ ደንበኛ ዌብሳይት ፎቶ አልቀበልም ብሎ ነበር። መልእክቱ የለመድነው ነው፦ ፈቃድ የለም። ብዙም ሳላስብ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪደው የሚለው) አልኩ፣ ቻውን (የፋይል ባለቤት መቀየሪያው የሊኑክስ ትዕዛዝ) አልኩ፣ ሰረዝና ትልቁን አር (ከሥሩ ያለውን ሁሉ ጨምር የሚለው) አስከተልኩ፣ የዌብ ሰርቨሩን (ዌብሳይቱን የሚያቀርበውን ፕሮግራም) ዩዘር ጻፍኩ፣ ስላሽ መታሁ፣ አውራ ጣቴ ሳላውቀው ስፔስ ነካ፣ የቀረውን የፎልደር አድራሻ ጨረስኩና ኢንተር።

ሌላ ጊዜ ገና ኢንተር ከማለታችሁ የሚያልቅ ሥራ ነው። አላልቅ አለ። ቀና ብዬ መስመሩን ሳነበው ስላሿ ለብቻዋ ቆማለች። ስላሽ ለብቻዋ ስትቆም "ማሽኑ በሙሉ" ማለት ነው። ኮንትሮልና ሲ ተጭኜ አቋረጥኩት። ልመልሰው ብዬ ሱዶ ስል፣ ራሱ ሱዶ "ባለቤቴ ቁጥር 0 መሆን አለበት" ብሎ አሻፈረኝ አለ (0 የአስተዳዳሪው ቁጥር ነው)። ቻውን ብዬ ሰርቨሩን ቻው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ተቀይሯል። የፋይል ባለቤት መቀየር ሲያስፈልግ የትኛው መንገድ ለየትኛው ጉዳይ እንደሚሻል፣ እኔ በምሠራበት መልኩ ላስቀምጥላችሁ። ትዕዛዞቹን እንደምንጠራቸው በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል እንደሚመቱ መቼም ታውቃላችሁ።

ካርታና ቁልፍ

ቤት ወይ መኪና ሲሸጥ "ስም ማዞር" እንላለን። ቻውን ማለት እሱ ነው። 1971 ላይ የወጣው የመጀመሪያው ዩኒክስ ውስጥ ጀምሮ አለ፣ ሥራውም ያው ነው። አሁን ዘመድ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሁለት ሳምንት እናንተ ጋ ቢያርፍ የቤቱን ካርታ በስሙ አታዞሩለትም። ቁልፍ ትሰጡታላችሁ፣ በቃ። ተርሚናል ፊት ስንቀመጥ ግን ሁላችንም ካርታ ለማዞር እንጣደፋለን። "ፈቃድ የለም" የሚለው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ቁልፍ ነው።

ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ቁጥር ይይዛል፦ የባለቤቱንና የግሩፑን (ፈቃድ የሚጋሩ ዩዘሮች ስብስብ)። ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው። ሩት፣ ማለትም የማሽኑ አስተዳዳሪ ዩዘር፣ ሁልጊዜ 0 ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ስትጭኑ መጀመሪያ የምትከፍቱት ዩዘር 1000 ይሆናል። ዌብ ሰርቨሩ የሚሠራበት ዩዘር ደግሞ እዚያው ኡቡንቱ ላይ 33 ነው። ስሙን ማሽኑ ከዩዘሮች ዝርዝር ላይ እያየ ነው የሚያሳያችሁ። ለዚህ ነው ከሌላ ኮምፒውተር ነቅላችሁ ያመጣችሁት ዲስክ ላይ በስም ፋንታ 1003 የሚል ቁጥር የምታዩት። አንዳንዴም የጓደኛችሁ ፋይል በእናንተ ስም ይታያል፤ ሁለታችሁም በየቤታችሁ 1000 ስለሆናችሁ።

ስም የማዞር ሥልጣን የሩት ብቻ ነው። የራሳችሁን ፋይል እንኳ ለሌላ ሰው መስጠት አትችሉም። ግራ ያጋባል፣ ግን ምክንያት አለው፦ ቢቻል ኖሮ የዲስክ ኮታ ያለበት ማሽን ላይ ፋይላችሁን ሁሉ በጎረቤታችሁ ስም እያዞራችሁ የእሱን ኮታ ትጨርሱበት ነበር። ግሩፕ ላይ ግን ነገሩ ይላላል። የራሳችሁን ፋይል፣ እናንተ አባል ወደሆናችሁበት ግሩፕ፣ ያለ ሱዶ ማዞር ትችላላችሁ። እኔ ይቺን ልዩነት እወዳታለሁ። ያለ ሱዶ የሚሠራ መንገድ ካለ ጥፋታችሁም ከራሳችሁ ፋይል አያልፍም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማየት። ፋይል ዘርዛሪውን ኤልኤስን ከሰረዝ ኤል ጋር ብላችሁ አሁን በማን ስም እንደሆነ እዩ። "አይዲ" ብላችሁ እናንተ ማን እንደሆናችሁና በየትኞቹ ግሩፖች ውስጥ እንዳላችሁ እዩ። ፋይሉን የሚፈልገው ፕሮግራም በየትኛው ዩዘር እንደሚሠራ በፒኤስ (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው) አረጋግጡ። ሦስቱን ሳታዩ የምትመቱት ቻውን ግምት ነው።

ሁሉንም ለሁሉም ስለሚከፍተው 777 የሚሏት ቻሞድ (ፈቃድ መቀየሪያው ትዕዛዝ) አትጠይቁኝ። በር ገንጥሎ መጣል ነው፣ ከአማራጭ አልቆጥረውም።

ትልቁ አር፣ ብቻውን

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይሄኛውን ነው። ቻውን፣ ትልቁ አር፣ ስም፣ ፎልደር። ከሥሩ ያለውን ሁሉ እየገባ ስም ያዞራል። ክፋቱ፣ የነበረውን ስም የትም አይጽፍም፤ ስለዚህ መመለሻ የለውም። በፊት በአምስት የተለያየ ስም የነበረ ነገር በአንድ ስም ይጠቀለላል፣ ማን የማን እንደነበር ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

ጥሩ የሚሆንበት ቦታ አለ። ኤንፒኤምን (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ጫኚውን) አንድ ቀን በሱዶ አስኬዳችሁት እንበል፤ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለው የካሽ (የጊዜያዊ ማስቀመጫ) ፎልደር በሩት ስም ሆኖ ሊቀርና በሚቀጥለው ቀን ያለ ሱዶ አልሠራም ሊል ይችላል። እዚያ ያለው ሁሉ የእናንተ መሆን አለበት፣ ሌላ ማንም አይነካውም። ትልቁን አር ያለ ጭንቀት ተጠቀሙ። ከዚህ ውጪ ግን ወጥመዱ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የኔዋ ስፔስ ናት። አርኤም፣ ያ ማጥፊያው፣ ለብቻዋ የቆመች ስላሽ ሲያይ በራሱ እንቢ ይላል። ቻውን አይልም። "ፕሪዘርቭ ሩት" የሚለውን ኦፕሽን እናንተው ካልጨመራችሁለት ዝም ብሎ ይነጉዳል። እኔ ኤሊያስ (ለትዕዛዝ የሚሰጥ አቋራጭ ስም) ሠርቼለት ተደላድዬ ተቀምጬ ነበር፣ በኋላ ሳየው ለካ ፊቱ ሱዶ ሲመጣ ኤሊያሱ አይሠራም! ሱዶን ራሱን መጨረሻው ላይ ስፔስ ባለው ኤሊያስ መተካት ያስፈልጋል። ቻውን ደግሞ ያለ ሱዶ ማን ይመታዋል?

ሁለተኛው፣ በነጥብ የሚጀምሩትን ድብቅ ፋይሎች ልያዝ ብሎ ነጥብና ኮከብ መጻፍ ነው። ነጥብና ኮከብ "ሁለት ነጥብ ተከታትለው" የሚባለውንም፣ ማለትም በላይ ያለውን ፎልደር ያካትታል። ወደ ታች እወርዳለሁ ስትሉ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ባሽ (ተርሚናል ላይ ትዕዛዞቻችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ከ5.2 ጀምሮ ይሄን አስተካክሏል፣ ሰርቨሮቻችሁ ላይ ያለው ባሽ ግን ስንተኛው ነው?

ሦስተኛው ከሥር የተሰካ ዲስክ ነው። በፎልደሩ ሥር ሌላ ዲስክ ማውንት ተደርጎ ከሆነ ትልቁ አር እሱንም አይምርም። ባክአፕ ዲስካችሁ እዚያ ከነበረ ስሙ ዞሯል ማለት ነው።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቻውን ስም ሲያዞር፣ አንድ ፕሮግራም በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርገውን ልዩ ምልክት፣ ሴትዩአይዲ የሚባለውን፣ ያነሳዋል። ሊኑክስ ላይ ያዞረው ሩት ራሱ ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ የሲስተም ፎልደር ላይ ተሳስታችሁ ስም ካዞራችሁ በኋላ "ሁሉንም መልሼ ለሩት" ብትሉ እንኳ ሱዶ አይነሳም። ስሙ ተመልሷል፣ ምልክቱ ግን የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይሏል ይሄ ነው።

ፍሮም፦ የኔ ምርጫ

ከሁሉም የምወደው ኦፕሽን ፍሮም ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ሰው የሚያውቀውም እሱው መሰለኝ። ቻውንን "ፍሮም እኩል ይሆናል ሩት" ካላችሁት፣ አሁን በሩት ስም ያለውን ብቻ ያዞራል። ሌላውን አይቶ ያልፋል። ከትልቁ አር ጋርም ይሠራል።

ልዩነቱን በአንድ ፎልደር ላይ እዩት። ውስጡ ሦስት ፋይል አለ፦ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የዌብ ሰርቨሩ፣ አንዱ በስህተት በሩት ስም የተፈጠረ። ትልቁ አር ብቻውን ሲመጣ ሦስቱም የእናንተ ይሆናሉ፣ ዌብ ሰርቨሩም የራሱን ፋይል ተነጥቆ ማልቀስ ይጀምራል። ፍሮም ሩት ብትሉት የተሳሳተው አንዱ ብቻ ይስተካከላል። የነበረውን ስም እናንተው ስለጻፋችሁት ደግሞ ምን እንደቀየራችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ትንሿን ሲ ጨምሩበት፤ የተቀየረውን ብቻ አንድ በአንድ እየነገራችሁ ይሄዳል። ዝርዝሩ ካሰባችሁት በላይ ከረዘመ ኮንትሮልና ሲ።

ጉድለቱ፣ ማክ ላይ ያለው ቻውን ይሄን ኦፕሽን አያውቀውም። ትናንሽ የዶከር ምስሎች (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገባቸው ጥቅሎች) ላይ የሚመጣው አልፓይን የሚባል ሊኑክስም እንደዚያው። እዚያ ወደ ፋይል ፈላጊው ትዕዛዝ፣ ወደ ፋይንድ መሄድ ነው።

ፋይንድ፦ ማጣራት ሲበዛ

"በሩት ስም ያሉትን፣ ግን ፎልደር ያልሆኑትን፣ ከትናንት ወዲህ የተነኩትን ብቻ" ማለት ካስፈለገ ፍሮም አይበቃም። ፋይንድ ይበቃል። ከዚህ ዲስክ አትውጣ ማለትም ይቻላል። ባለቤቱ የጠፋ፣ ማለትም ቁጥሩ የማንም ያልሆነ ፋይልም ፈልጎ ያመጣል፤ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት ከተሰረዘ በኋላ ለጽዳት ግሩም ነው።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ በባዶው ታስኬዱታላችሁ፣ ዝርዝሩን ብቻ ያወጣል። ታነቡታላችሁ። ልክ ከሆነ ያንኑ መስመር በላይ ቀስት ትመልሱና መጨረሻው ላይ ቻውንን ትቀጥሉበታላችሁ። ልምምዱና ሥራው አንድ መስመር ናቸው። ስትቀጥሉበት ትንሿን ኤች አትርሱ፤ አለዚያ ቻውን አቋራጭ ሊንክ ሲያገኝ ሊንኩን ትቶ ሊንኩ የሚያመለክተውን ፋይል ነው ስሙን የሚያዞረው። አንድ ተንኮለኛ ዩዘር ፎልደሩ ውስጥ ወደ ሲስተም ፋይል የሚያመለክት ሊንክ አስቀምጦ ከሆነ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ለአንድና ለሁለት ፋይል ፋይንድ አያስፈልግም። መስመሩ ይረዝማል፣ ረጅም መስመር ደግሞ የራሱን ስህተት ያመጣል።

ቡድን ሲሆን፦ ቻግሩፕ

ሦስት ልጆች አንድ ፎልደር ላይ ይሠራሉ። ዛሬ በአንዱ ስም፣ ነገ በሌላው ስም እያዞሩ ሲጣሉ አይቻለሁ። እዚህ ጋ ባለቤት አትንኩ። ግሩፕ ፍጠሩ፣ ሦስቱን አስገቡ፣ ፎልደሩን ግሩፕ በሚቀይረው ትዕዛዝ፣ በቻግሩፕ፣ ለግሩፑ ስጡ፣ ለግሩፑ መጻፍ ፍቀዱ፣ ከዚያ ፎልደሩ ላይ ሴትጂአይዲ የሚባለውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ ግሩፑን ከፎልደሩ ይወርሳል።

ሲጽፉት ቀላል ይመስላል፣ ሲሠሩት ግን አራት ቦታ ያደናቅፋል። ሰው ወደ ግሩፕ ስትጨምሩ በዩዘርሞድ (ዩዘር ማስተካከያው ትዕዛዝ) ላይ ትንሿን ኤ ከረሳችሁ፣ ያ ሰው ከሌሎቹ ግሩፖች ሁሉ ይወጣል፤ ሱዶ የሚያስብለው ግሩፕም ውስጥ ከነበረ እሱም ይቀርበታል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ወጥቶ ካልገባ አዲሱ ግሩፕ አይደርሰውም፣ እናንተም "አልሠራ አለ" ብላችሁ ወደ 777 ትሮጣላችሁ። ሦስተኛ፣ ኡማስክ (ከአዲስ ፋይል ላይ የትኛው ፈቃድ እንደሚነሳ የሚወስነው ቁጥር) 022 ከሆነ አዲሱ ፋይል ግሩፑን ይወርሳል እንጂ ግሩፑ ይጽፍበት ዘንድ አይፈቀድለትም፤ 002 መሆን አለበት። አራተኛ፣ ከሌላ ቦታ በኤምቪ የተዛወረ ፋይል የድሮ ግሩፑን ይዞ ይመጣል። ኮፒ የተደረገው ግን አዲሱን ይወርሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

አንድ ሰው ብቻ ሲጨመር፦ ኤሲኤል

ኦዲተር መጣ እንበል፣ አንድ ፎልደር ማንበብ ብቻ ይፈልጋል። ለእሱ ግሩፕ መፍጠር ይበዛል። ኤሲኤል፣ ለየሰው የሚሰጠው ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር፣ ለዚህ ነው። ሴትፋክል በሚባለው ትዕዛዝ "ለዚህ ሰው ማንበብ" ትላላችሁ፣ ሲሄድ ታነሳላችሁ። ባለቤትም ግሩፕም አልተነካም። ቁልፍ ማለት ይሄ ነው። ለፎልደር "ከእንግዲህ ለሚፈጠረውም እንዲሁ" ማለት ስለሚቻል ያንን የኡማስክ ጣጣም ያስቀራል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አልጠቀምበትም? ስለማይታይ ነው። ኤልኤስ ላይ ከፈቃዱ ጎን አንዲት የመደመር ምልክት ብቻ ትወጣለች፣ እሷን ደግሞ ማንም አያያትም። ተራ ኮፒ ስታደርጉ ይጠፋል፣ ታርም (ፋይል ማሸጊያው) አርሲንክም (ፋይል ማመሳሰያው) ለይታችሁ ካልነገራችኋቸው ይተዉታል። ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ሰው፣ ምናልባትም እናንተው፣ "ይሄ ሰው እንዴት ገባ?" ብሎ ይነታረካል። ለጥቂት ሰው፣ ለአጭር ጊዜ፣ ጥሩ። ለቋሚ ቡድን ግሩፕ ይሻላል።

የግድ ስም ማዞር ያለበት

ቁልፍ የማይቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ አንዱ ነው። የዳታ ፎልደሩን ከባክአፕ መልሳችሁ በሩት ስም ካስቀመጣችሁት አልነሳም ይላል፤ ሰርቨሩን የሚያስነሳው ዩዘር ራሱ ባለቤት መሆን አለበት፣ ፈቃዱም 700 ወይም 750። ከሩቅ ወደ ሰርቨር የምንገባበት ኤስኤስኤችም እንደዚያው ነው፣ የመግቢያ ቁልፍ ፋይሎቻችሁ ያሉበት ፎልደር በሌላ ሰው ስም ከሆነ ቁልፉ ትክክል ቢሆንም አያስገባችሁም። የሆም ፎልደር ላይ ትልቁን አር የመታ ሰው በማግስቱ ከሰርቨሩ ተዘግቶበት የሚቀረው በዚህ ነው። እዚህ ቻውን ብቻ ነው መፍትሔው፣ ቦታው ላይ ብቻ።

ስም ስታዞሩ ባለቤቱንና ግሩፑን የሚለየው ኮለን ነው። ነጥብ የሚጽፉ የድሮ ሰዎች አሉ፣ አትከተሏቸው፣ ነጥብ ያለበት የዩዘር ስም ሲመጣ ያምታታል። ደግሞ ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ሆኖ የእኛን ሁለት ነጥብ እንዳትመቱ። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው፤ "እንዲህ የሚባል ዩዘር የለም" ይላችኋል። ሃያ ደቂቃ በልቶብኛል።

ዎርድፕሬስ (የዌብሳይት መሥሪያው) ላይ ክርክሩ አያልቅም። ሁሉን ነገር በዌብ ሰርቨሩ ስም ካዞራችሁ አፕዴቱ በአንድ ክሊክ ያልፋል፤ ግን አንድ ቀዳዳ ያለበት ፕለጊን ከተገኘ የገባው ሰው ኮዱን በሙሉ እንደ ልቡ ይጽፍበታል። ኮዱ በእናንተ ስም፣ የፎቶ ፎልደሩ ብቻ በዌብ ሰርቨሩ ስም ከሆነ ጉዳቱ ይጠባል፤ በምትኩ ዎርድፕሬሱ አፕዴት ሲያደርግ የኤፍቲፒ (የፋይል መላኪያ) ፓስዎርድ አምጡ ይላል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ደንበኛው ራሱ አፕዴት የሚያደርግ ከሆነ ግን ምርጫው የእናንተ ነው፣ በኋላ ስልኩን የምታነሱት እናንተ ናችሁ።

ከመጀመሪያው በትክክለኛ ስም

ደጋግማችሁ ቻውን የምትመቱበት ፎልደር ካለ፣ ችግሩ ፋይሎቹ ሲፈጠሩ ነው ያለው። ዶከር ዋናው ተጠርጣሪ ነው፤ ኮንቴይነሩ (ከምስሉ የሚነሳው ፕሮግራም) በሩት ይሠራል፣ የጻፈው ሁሉ በሩት ስም ውጪ ይጠብቃችኋል። ሲነሳ የእናንተን ቁጥር ስጡት፣ ያልቃል። ምስል ስትሠሩም ኮፒ ላይ እዚያው ባለቤቱን ተናገሩ፤ ኮፒ አድርጎ በሌላ መስመር ቻውን ማለት ፋይሎቹን ሁለት ጊዜ ስለሚያስቀምጥ ምስሉ ያብጣል። አርሲንክም ኮፒ ሲያደርግ ስም የሚያዞርበት ኦፕሽን አለው።

ፍላሽ ላይ ደግሞ አትድከሙ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ፍላሾች አብዛኞቹ ፋት32 ወይም ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራጀት ነው የተዘጋጁት፤ እነዚህ የባለቤት ቁጥር የሚጽፉበት ቦታ እንኳ የላቸውም። ሩት ሆናችሁ ብትመቱም "አይፈቀድም" ይላል። ስሙ የሚወሰነው ማውንት ሲደረግ ነው፣ እዚያ ላይ ቁጥራችሁን ስጡ።

ከመንካት በፊት ዝርዝር መያዝ

ትልቅ ነገር ከመንካቴ በፊት ጌትፋክልን በትልቁ አር አስኬድና ውጤቱን ፋይል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤት፣ ግሩፕና ፈቃድ ይጽፋል። ከተበላሸ ሴትፋክልን ሪስቶር ብላችሁ ያንን ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ በሩት ከሆናችሁ ስሙንም ይመልሳል። የፋይሎቹን ይዘት ባክአፕ ማድረግ አይደለም፣ የስሞቹን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ጊዜም አይፈጅም። ማስጠንቀቂያ አንድ፦ አድራሻውን ከስላሽ ሳይጀምር ስለሚጽፍ፣ ከስላሽ የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ሰጥታችሁት ከነበረ ስላሽ ላይ ቆማችሁ መልሱ፤ አለዚያ መጀመሪያ ካስነሳችሁበት ቦታ ቆማችሁ መልሱ።

ይሄ ከሌላችሁና የሲስተም ፎልደር ከተነካ፣ ሬድሃት በሚባለው የሊኑክስ ቤተሰብ ላይ ፓኬጅ ጫኚው አርፒኤም የየፓኬጁን ባለቤትና ፈቃድ ከራሱ መዝገብ አውጥቶ መመለስ ይችላል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ እንዲህ በአንድ ትዕዛዝ የሚሆን ነገር የለም፤ በሪከቨሪ (በጥገና ሁነታ) ገብቶ ፓኬጅ እየደጋገሙ መጫን ወይም ከባክአፕ መመለስ ነው።

የኔው ሰርቨር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከባክአፕ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ኤልኤስ ብዬ ያየሁት። ለካ አንድ ሰው በሩት ገብቶ ፎቶ ሲያስቀምጥ የዚያን ወር ፎልደር በሩት ስም ፈጥሮ ኖሯል። አንዲት ፎልደር። ፍሮም ሩት ብዬ ያለ ትልቁ አር አዞርኳት፣ ፎቶው ገባ። ሰኞ ጠዋት ደንበኛው ደወለ። "ፎቶው ተስተካክሏል፣ እናመሰግናለን፤ ግን ዓርብ ማታ ዌብሳይቱ ለምን ጠፍቶ ነበር?"